ደንገጎ ላይ ሃይሉክሴ እየፈላ አስቸገረኝ፣ የኤሌክትሪክ ፋን ልግጠምለት?

የድሬው ፒካፕ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ የሚረዝም ጥያቄ ነው ታገሱኝ። መኪናዬ ሲንግል ጋቢና ሃይሉክስ ነው 1999 ሞዴል፣ ሞተሩ 5ኤል ናፍጣ፣ ከገዛሁት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ሥራዬ ከድሬ ወደ ሐረር ሸቀጥ ማመላለስ ነው፣ ስመለስ ደግሞ ከሐረማያና ከአወዳይ ድንች ጎመን ያገኘሁትን ይዤ እወርዳለሁ። ባዶውን ሲሆን ወይ ቁልቁለት ሲሆን አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም፣ ሜዳ ላይ በ80 ብነዳውም የሙቀት ጌጁ ግማሽ ጋ አይደርስም። ችግሩ ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ነው። 10 ኩንታል ሲሚንቶ ጭኜ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ከተነሳሁ ዳገቱ መሀል ስደርስ ጌጁ መውጣት ይጀምራል፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነኝ ከ20 ከ25 በላይ አይሄድም፣ ከዛ ቀዩ ጋ ሲጠጋ ዳር ይዤ ኮፈን ከፍቼ መጠበቅ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከተነሳሁ ግን አይፈላም፣ ትንሽ ከፍ ይልና ይመለሳል። ባለፈው ሳምንት ጭራሽ ውሃው በሪዘርቭ ዕቃው ገንፍሎ ወጣ፣ 40 ደቂቃ ቆሜ ከባድ መኪኖቹ ጥሩንባ እየነፉ ሲያልፉኝ በጣም ነው የከፋኝ፣ ዕቃው የሰው ነው ሰዓት አለው።

መካኒኬ የሚለኝ በቺንጋ የሚዞረውን ፋን አውልቀን እንጣለውና የኤሌክትሪክ እንግጠም ነው፣ ነዳጅም ይቆጥባል ሞተሩም ይቀለዋል ይላል። እኔም አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ከሶማሌ ተራ የኮሮላ ፋን ገዝቶ ልኮልኛል እቤት ተቀምጧል። ግን ልቤ አልቆረጠም። 5ኤል ላይ የገጠመ ሰው አለ? ዲናሞዬ ይችለዋል ወይ? መስመሩስ እንዴት ነው የሚዘረጋው? የምታውቁ እባካችሁ።

ሸገር 22አር፦

ወንድሜ እኔ ገጥሜ ተገላግያለሁ ዓመት አልፎኛል። የኔ ግን ቤንዚን ነው 22አር፣ ያው ደግሞ ሸገር ውስጥ ነው የምነዳው ዳገት ጭኜ አልወጣም። መገናኛ አካባቢ መንገዱ ሲዘጋጋ ነበር የሚሞቅብኝ፣ ፋኑን ከገጠምኩ በኋላ ጌጁ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ድምፁም ቀነሰ፣ ድሮ ጠዋት ስታስነሳው አውሮፕላን ነበር የሚመስለው። መስመሩን ከቁልፉ ነው የወሰድኩት ቁልፍ ሲከፈት ፋኑ ይዞራል አበቃ፣ ሴንሰር ምናምን አላስፈለገኝም። አንድ ነገር ብቻ አለ ቁልፉ አካባቢ ትንሽ ይግላል፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

የአሰብ መንገድ፦

ልጄ እኔ ሾፌር ነኝ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሰብ ወደባችን በነበረ ጊዜ እስከ 90 ድረስ በኤንትሬ ከባድ መኪና አፋርን ስመላለስ ኖሬያለሁ፣ ሙቀትን የተማርኩት እዛ ነው። አንድ ነገር ልንገርህ፣ መኪና ሞቀ ብለህ ዕቃ ከመቀየርህ በፊት መቼ እንደሞቀ ጠይቀው። መኪናው ራሱ ይነግርሃል።

ሜዳ ላይ ፈጥነህ ስትሄድ የሚሞቅ ከሆነ ጥፋቱ ቬንቲሌተሩ፣ እናንተ ፋን የምትሉት፣ አይደለም፣ በዛ ፍጥነት ንፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ሰንጥቆ ይገባል፣ ቬንቲሌተር ባይኖርም ይበርዳል። ያኔ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይ ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር መንገድ የሚከፍተው ተርሞስታቱ ሙሉ አይከፍትም ወይ የውሃ ፓምፑ ደክሟል። ቆመህ ወይ ቀስ ብለህ ስትሄድ የሚሞቅ ከሆነ ግን ንፋስ የለም ማለት ነው፣ ንፋስ የሚያመጣው ደግሞ ቬንቲሌተሩ ብቻ ነው። ያንተ በ80 ሜዳ ላይ ይበርዳል፣ በ20 ዳገት ላይ ይፈላል። ደንገጎ ላይ ከሰዓት ንፋሱ ከታች ከበረሃው ሽቅብ ነው የሚነፍሰው ከኋላህ ይመጣል፣ አንተ በ20 ስትወጣ እሱም በ20 ቢከተልህ ራዲያተርህ ፊት አየሩ ቆመ ማለት ነው። ይህን እኛ ስናውቀው ዳገት መሀል ቆመን ስናቀዘቅዝ የመኪናውን አፍ ወደ ንፋሱ እናዞር ነበር።

ስለዚህ ቬንቲሌተርህን ፈትሸው እንጂ አትጣለው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ጠፍቶ ሳለ በእጅህ አዙረው። ደህና ከሆነ እጅህን ይይዝሃል፣ ግማሽ ዙር አንድ ዙር ሄዶ ይቆማል። እንደ ወፍጮ በራሱ ከተሽከረከረ ውስጡ ያለው ዘይት አልቋል። መሀሉ ላይ ደግሞ አቧራ የጠጣ ዘይት ካየህ ከዛ ነው የፈሰሰው። ሌላ ቬንቲሌተሩን ዙሪያውን የሚከበው ፕላስቲክ አለ ወይ? ብዙ ጋራዥ ቺንጋ ሲቀይሩ ለእጅ አይመቸንም ብለው አውልቀው በዛው ይቀራል።

የድሬው ፒካፕ፦

ጋሼ በጣም ነው የማመሰግነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁኑኑ ወርጄ አየሁት። እውነትም እርስዎ እንዳሉት ነው፣ አንዴ ስገፋው ሰባት ዙር ሄደ ቆጥሬዋለሁ። መሀሉ ላይም ጥቁር ቅባት ከአቧራ ጋር ተጣብቆበታል። ፕላስቲክ ያሉት ደግሞ ጭራሽ የለም! ስገዛውም አልነበረም መሰለኝ፣ እንዲህ ዓይነት ዕቃ መኖሩንም አላውቅም ነበር። ራዲያተሩ ላይ ዙሪያውን አራት የቡሎን ቀዳዳ ባዶውን አለ፣ ሁሌ ምን ይሆን እል ነበር።

ጂዳ ጋራዥ፦

ሰላም ወንድሞቼ ከጂዳ ነኝ፣ እዚህ ጋራዥ ውስጥ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፣ የምሰራው በአብዛኛው ቶዮታ ፒካፕ ነው። ጋሼ የተናገሩት በሙሉ ትክክል ነው እኔ የምጨምረው መካኒኩ ስለነገረህ ነገር ነው ምክንያቱም እዚህም ብዙ ሐበሻ ወንድሞች ይህንኑ ተነግሯቸው መኪና ይዘው ይመጣሉ።

የኮሮላ ፋን ለምን የኤሌክትሪክ እንደሆነ ታውቃለህ? የተሻለ ስለሆነ አይደለም። ኮሮላ ፊት ጎማ ነው የሚነዳው፣ ሞተሩ በአግድም ነው የተቀመጠው፣ ቺንጋው ያለው በጎን በኩል ነው ራዲያተሩ ደግሞ ፊት ለፊት፣ ስለዚህ በቺንጋ ማዞር አይቻልም ሌላ አማራጭ የላቸውም። ሃይሉክስ ሞተሩ በቁመት ነው ቺንጋው ራዲያተሩን ፊት ለፊት ያየዋል። ቶዮታ ከዛም በኋላ ዲፎርዲ የሚባለውን ናፍጣ ሞተር ሲያወጣ፣ ከዛም አዲሱን 2.4 እና 2.8 ናፍጣ ሲያወጣ በቺንጋ የሚዞረውን ፋን ከነክላቹ ትቶታል፣ ክላች የምለው ጋሼ ዘይት አለው ያሉትን የፋኑን መሀል ነው። እዚህ በጋ 45 ሲገባ ጭነው የሚውሉት እነዚሁ ናቸው። አስበው፣ የኤሌክትሪኩ ቢበቃ ኖሮ ፋብሪካው ያንን ሁሉ ብረት ባልሰቀለ ነበር።

አቅሙን በቁጥር እየው። የትንሽ መኪና ፋን ከ10 እስከ 15 አምፔር ነው የሚበላው፣ በ12 ቮልት ስታሰላው 120 እስከ 180 ዋት ማለት ነው። ትልቁ ባለ 16 ኢንቹም ቢሆን 25 አምፔር አካባቢ ነው 300 ዋት ቢሆን ነው። በቺንጋ የሚዞረው ግን ክላቹ ሙሉ ሲይዝ ከሞተሩ የሚወስደው በኪሎዋት ነው የሚቆጠረው፣ ያን ያህል አየር ነው የሚስበው። ስለዚህ 5ኤል ላይ 10 ኩንታል ጭነህ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጮህክ ስትወጣ የኮሮላ ፋን ሻማ ማጥፊያ ነው የሚሆንብህ፣ አሁን 40 ደቂቃ የቆምከው ያኔ ሁለት ሰዓት ትቆማለህ።

ነዳጅ ይቆጥባል ላለው ደግሞ፣ ደህና ክላች ያለው ፋን ሞተሩ ሲበርድ ራሱን ይለቃል በስሱ ነው የሚዞረው። ሲሞቅ ፊቱ ላይ ያለችው ጥቅልል ብረት ትዘረጋና ውስጥ ያለውን የሲሊኮን ዘይት መንገድ ትከፍትለታለች ያኔ ይይዛል። ደህና ክላች ያለው መኪና ዳገት ላይ ሲይዝ በጆሮህ ትሰማዋለህ፣ ሁ ሁ ሁ የሚል ድምፅ ከኮፈኑ ስር ይመጣል። ሰምተኸው ታውቃለህ? ካልሰማህ ክላችህ ሞቷል። የሚቆጠበው ነዳጅ በጣም ትንሽ ነው፣ የኤሌክትሪኩም ቢሆን በነፃ አይዞርም ዲናሞው ከሞተሩ ነው የሚወስደው።

ፕላስቲኩ ግን ለብቻው ታሪክ ነው። እሱ ከሌለ ፋኑ የሚስበው አየር በራዲያተሩ በኩል አይደለም የሚመጣው፣ ከጎን ከሞተሩ የሞቀውን ያንኑ አየር ነው መልሶ የሚያዞረው፣ ምክንያቱም አየር እንደ ውሃ ነው በቀላሉ በሚያገኘው መንገድ ነው የሚሄደው። ፕላስቲኩን አስገባና ክላቹን ቀይር፣ ከዛ አውራኝ።

የድሬው ፒካፕ፦

ወንድሜ ሁ ሁ ያልከውን በፍፁም ሰምቼ አላውቅም፣ ጓደኛዬ ዲፎርዲ አለው የሱ ግን ዳገት ላይ እንደዛ ይላል ሁሌ የሆነ ችግር ያለበት ይመስለኝ ነበር።

ሸገር 22አር፦

እሺ እሱ ናፍጣ ነው ይጭናል ገባኝ። የኔስ? አሁን ፈራሁ። ቁልፉ ጋ የሚግለው ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል?

ገመድና መብራት፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ አዳማ። ሸገር 22አር ወንድሜ ያንተን ሳነብ በጣም ነው የደነገጥኩት፣ እባክህን ዛሬ ነገ ሳትል አስተካክለው። ቁልፉ ውስጥ ያለችው መዳብ ለ25 አምፔር አልተሰራችም። ፋን ሲነሳ ደግሞ ለቅፅበት ከዛም በላይ ነው የሚስበው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ትቃጠላለች፣ ስትጠቁር ሬዚስታንሷ ይጨምራል፣ ሲጨምር የበለጠ ትግላለች፣ መጨረሻ ላይ ወይ ፋኑ መንገድ ላይ ይቆምብሃል ወይ ከዳሽቦርዱ ስር ጭስ ይወጣል። ባለፈው ክረምት እንዲህ የሆነ ሚኒባስ መጥቶልኝ ነበር፣ የቁልፉ ሶኬት ፕላስቲኩ ቀልጦ እንደ ማስቲካ ተስቦ ነበር፣ ባለቤቱ አራት ልጆች ጭኖ ነበር ሲጨስበት።

ቤንዚን መኪና ከተማ ውስጥ ባዶውን የሚነዳ ከሆነ የኤሌክትሪክ ፋን ይሆናል፣ አልቃወምም፣ ግን በሪሌ መሆን አለበት፣ ሪሌ ማለት በቀጭን መስመር ታዞ ወፍራሙን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ነው። ሌላም የምትገጥሙ ካላችሁ አነጋገሩን ቀለል አድርጌ ልንገራችሁ።

ወፍራሙ መስመር ከባትሪ ፖዘቲቭ ቀጥታ ይነሳል። ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ ይግባበት፣ ለ25 አምፔር ፋን የ40 ፊውዝ። ፊውዙን ሪሌው ጋ አታድርጉ ባትሪው ጋ ነው፣ ምክንያቱም ገመዱ መሀል ላይ ተፍቆ ቦዲ ቢነካ ከባትሪ እስከ ፊውዝ ያለው ክፍል ምንም የሚያድነው የለም ይቃጠላል። ከፊውዙ ወጥቶ ሪሌው ላይ 30 የሚል ጥርስ ላይ ይገባል። 87 የሚለው ወደ ፋኑ ፖዘቲቭ ይሄዳል። የፋኑ ኔጌቲቭ ቀለም የተፋቀ ንጹህ ቦዲ ላይ ወይ ቢቻል ባትሪው ኔጌቲቭ ድረስ ይምጣ፣ ብዙ ሰው ፖዘቲቩን አሳምሮ ኔጌቲቩን ዝገት ላይ ያስራል ከዛ ፋኑ ደከመ ይላል። የቀሩት ሁለቱ ቀጭን ናቸው፣ 86 ቁልፍ ሲከፈት መብራት ከሚያገኝ ቀጭን መስመር፣ 85 በሙቀት ሴንሰሩ አልፎ ወደ ቦዲ። ውሃው ሲሞቅ ሴንሰሩ ይዘጋል፣ ሪሌው ቀጭ ይላል፣ ፋኑ ይነሳል። በቁልፉ የሚያልፈው አሁን አንድ አምፔር እንኳን አይሞላም።

ገመዱ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን፣ ከረዘመ 6። የቤት መስመር ገመድ አትጠቀሙ በውስጡ አንድ ጠንካራ መዳብ ያለውን ማለቴ ነው፣ መኪና ይንቀጠቀጣል ይሰበራል፣ ብዙ ቀጫጭን ሽቦ ያለውን ነው የምትገዙት። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ፋኑ እየዞረ ሳለ በቴስተር ለኩ፣ ባትሪው ላይ 13.8 ካለ ፋኑ ሶኬት ላይ ቢያንስ 13 መሆን አለበት። 11 ምናምን ካያችሁ ገመዱ ወይ ኔጌቲቩ እየበላው ነው።

ሴንሰሩን በተመለከተ አንድ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ተርሞስታቱ በብዛት 82 ላይ ነው መክፈት የሚጀምረው፣ ስለዚህ ሞተሩ በጤናው ሁሌ ከ82 በላይ ነው። 80 ላይ የሚነሳ ሴንሰር ካስገባችሁ ፋኑ ጠዋት ተነስቶ ማታ ነው የሚጠፋው። ከሞተር የሚወጣው ውሃ ላይ ከሆነ 95 አካባቢ ተነስቶ 90 አካባቢ የሚጠፋ ፈልጉ። ራዲያተሩ ክንፎች መሀል በሚሰካ ቀጭን ዘንግ የሚሸጠውን አልወደውም፣ የሚለካው ብረቱን እንጂ ውሃውን አይደለም። ከሱ ሌላ ከሹፌሩ አጠገብ በእጅ የሚበራ ማብሪያ ጨምሩበት ግን ትንሽ አምፖል ያለው ይሁን፣ ሴንሰሩ ቢበላሽ በእጅ ታስነሱታላችሁ።

አቀማመጡ፣ ፋኑን በፕላስቲክ ማሰሪያ በራዲያተሩ ክንፎች አሳልፋችሁ አትሰሩት፣ ዓመት ሳይሞላ እየፈተገ ቱቦውን ይበሳዋል። ከላሜራ ክፈፍ ይሠራለት ራዲያተሩ ጎኑ ላይ ባሉት ቡሎኖች ይታሰር። ገመዱን ከማስጨረሳችሁ በፊት ደግሞ ወረቀት ራዲያተሩ ፊት በግሪሉ በኩል ያዙለት፣ ፋኑ ሲዞር ወረቀቱን ስቦ ራዲያተሩ ላይ መለጠፍ አለበት። ገፍቶ ከጣለው ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተቀያይሯል፣ መኪናው ሲሄድ ከሚገባው ንፋስ ጋር ነው የሚጣላው። ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል፣ ፋኑ ይዞራል ሰውየው ደስ ብሎት ይሄዳል መኪናው ግን ከድሮው የባሰ ይሞቃል።

ዲናሞ ላልከው የድሬው ወንድሜ፣ የድሮ ሃይሉክስ ላይ 50 ወይ 60 አምፔር የሚሰጥ ነው የምናገኘው። ማታ ፊት መብራት ብቻ 10 አምፔር፣ የውስጥ ማሞቂያ ፋን ሌላ 10 እና ከዛም በላይ፣ ላዩ ላይ 25 ስትጨምር ጫፍ ላይ ነህ። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሆን ደግሞ ያንን 60ውን አይሰጥም።

ሸገር 22አር፦

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። ነገውኑ አሠራዋለሁ። አንድ ጥያቄ፣ ፋኑን ቀጥታ ከባትሪ አድርጌ መኪናው ከጠፋም በኋላ እንዲዞር ማድረግ አይሻልም? አንዳንድ መኪና ላይ አያለሁ።

ገመድና መብራት፦

ለፋብሪካ መኪና ተሰልቶለት ነው። ያንተ ላይ አልመክርም፣ አንደኛ ባትሪ ይጨርሳል። ሁለተኛ ለእጅ አደገኛ ነው፣ መኪና ጠፍቷል ብሎ ሰው እጁን ይከትና በዛ ቅፅበት ሴንሰሩ ቢዘጋ ፋኑ ይነሳል። ረዳት ያላችሁ ሰዎች በተለይ ይህን ንገሯቸው፣ ልጆች ናቸው ኮፈን እንደተከፈተ እጃቸውን የሚከቱት።

የአሰብ መንገድ፦

ልጄ የድሬው፣ ዋናውን ሳልነግርህ። ቬንቲሌተሩን ከመግጠምህ በፊት ራዲያተሩን አስወርደህ አሳየው። የድሬ ውሃ ምን እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚተው ውሃ ነው፣ ራዲያተርህ ውስጥም ያንኑ ነው የሚተወው። ሁለት ዓመት የቧንቧ ውሃ ስትጨምርበት ከኖርክ ታችኛዎቹ ቱቦዎች ተደፍነዋል ብዬ እገምታለሁ። የድሮ የመዳብ ራዲያተር ከሆነ ራዲያተር ሠሪው ላይና ታቹን ፈቶ በቀጭን ብረት አንድ በአንድ ይጠርግልሃል። አልሙኒየም ከሆነ ግን አይነካም ይቀየራል። በእጅህም ታውቀዋለህ፣ መኪናው ሞቆ አጥፍተህ ቬንቲሌተሩ ከቆመ በኋላ ራዲያተሩን ፊቱን ዳሰው፣ ሌላው ትኩስ ሆኖ አንዱ ቦታ ከቀዘቀዘ እዛ ጋ ውሃ አያልፍም። ክዳኑን ግን ትኩስ ሆኖ እንዳትከፍተው። እኔ ጓደኛዬ ሎግያ ላይ ከፍቶ ፊቱን ተቃጥሎ አይቻለሁ፣ እስከዛሬ ጠባሳው አለ።

ጂዳ ጋራዥ፦

ጋሼ ስለ ክዳኑ ሲያነሱ አንድ ነገር ልጨምር፣ ክዳኑም ይፈተሽ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 92 አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ሐረማያም ከ2,000 ሜትር በላይ ነው ብዙም አይርቅም። ራዲያተር ውስጥ 110 ድረስ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይ ስፕሪንጉ ከላላ ጌጁ ቀይ ሳይገባ ውሃው ይገነፍላል፣ ከዛ ውሃው ሲጎድል እውነተኛው ሙቀት ይመጣል። ርካሽ ዕቃ ነው ዝም ብለህ ቀይረው። ከዚህ ሁሉ በኋላም የሚፈላ ከሆነና ራዲያተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ ያኔ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፣ በሞተሩ ራስና በብሎኩ መሀል ያለው ማሸጊያ ማለቴ ነው፣ እንዳንተ 5ኤል ያለ የኤል ሞተር ቴስታታ ሙቀት አይችልም ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ እስኪስተካከል ድረስ ከሰዓት አትጫን እባክህ።

የድሬው ፒካፕ፦

ሰላም ወንድሞች ጋሼ እህቴ፣ ሦስት ሳምንት ጠፋሁ ይቅርታ፣ ሠርቼ ሳልጨርስ መጻፍ አልፈለግኩም።

መጀመሪያ ራዲያተሩን አስወረድኩት። የመዳብ ነው። ሠሪው ላዩን ፈቶ ሲያሳየኝ ማመን አቃተኝ ከቱቦዎቹ ሲሶው በነጭና በቡና ዓይነት ነገር ተደፍኗል፣ ብረቱን ሲከት እንደ ጠመኔ እየተፈረፈረ ይወጣ ነበር። ጠርጎ መልሶ በየደው። ተርሞስታቱን ውሃ ውስጥ ከተን በጀበና ምድጃ ላይ አፈላነው፣ ደህና ይከፍታል፣ መለስኩት። ክዳኑን ቀየርኩ የድሮው ጎማ ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር። ፋን ክላቹ ድሬ ጠፋ፣ ጓደኛዬ ሶማሌ ተራ ሲዞር ውሎ ያገለገለ አገኘልኝ፣ ከመግዛቱ በፊት በስልክ ቪዲዮ በእጁ አዙሮ አሳየኝ ግማሽ ዙር ሄዶ ቆመ፣ በቃ ውሰድ አልኩት። ፕላስቲኩንም ከዛው አገኘ አንድ ጥጉ ተሰብሮ ነበር በላሜራ ጠገንኩት። አራቱ ቀዳዳዎች ላይ ልክክ ብሎ ገባ። ከቧንቧ ውሃ ይልቅ አሁን ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ነው የሞላሁት።

መካኒኬም አልተቆጣም፣ እንደውም የፋኑን ክላች እንዴት እንደሚፈተሽ አላውቅም ነበር አሳየኝ አለኝ፣ አሳየሁት።

ትናንት 10 ኩንታል ጭኜ ሆን ብዬ 8 ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ሬዲዮ አጠፋሁ መስኮት ከፈትኩ። ደንገጎ ሦስተኛው ኩርባ አካባቢ ጌጁ ግማሹን አለፍ አለ ልቤ ዝቅ አለ፣ ከዛ ትንሽ ቆይቶ ከኮፈኑ ስር ያ ድምፅ መጣ ሁ ሁ ሁ እያለ፣ ጌጁ ቀስ ብሎ ወደ ግማሽ ተመለሰ። እስከ ላይ ድረስ ሳልቆም ወጣሁ። ሐረር ደርሼ ዕቃውን ሳራግፍ ገና ለ10 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

ጋሼ ድሬ ከመጡ ይደውሉልኝ፣ በውስጥ መስመር ቁጥሬን ልኬልዎታለሁ፣ ምሳ የኔ ነው።

ሸገር 22አር፦

ወንድሜ እንኳን ደስ ያለህ! እኔም በሪሌ አሠራሁት። ሠሪው ከማስተካከሉ በፊት ፋኑ ሶኬት ላይ ሲለካ 11.2 ነበር አሁን 13.1 ነው፣ ፋኑ ራሱ አዲስ ነው የመሰለኝ። የቁልፉን ሶኬት ሲፈታው አንደኛው ጥርስ ጠቁሮ ፕላስቲኩ ጠርዙ ላይ መቅለጥ ጀምሮ ነበር፣ ፎቶ አንስቼዋለሁ። እህቴ ሳትነግሪኝ ብቀር ኖሮ ምን ሊሆን እንደነበር አላውቅም። ሚስቴም አመስግንልኝ ብላለች።

ገመድና መብራት፦

ተመስገን። ያንን የጠቆረውን ሶኬት አጽድተህ እንዳትመልሰው፣ ቀይረው። የድሬው ወንድሜ ያ የኮሮላ ፋን ካልፈለግከው እዚህ አዳማ አንድ ሴት ደንበኛዬ የኮሮላ ፋኗ ተቃጥሎባት እየፈለገች ነው፣ ሶኬቱ ባለሁለት ይሁን ባለሦስት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።